ለዘጠኝ ዓመት ባሕር ማስቀመጫ ፍለጋ

አሰብ የገባሁት በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ አጥንቼ ተመረቅሁ፤ ምደባ ወጣና ስሜን ከአሰብ ጎን ተጽፎ አገኘሁት። እናቴ "እሳት ነው አሉ እኮ አገሩ" ብላ አለቀሰች። እኔ ባሕር በዓይኔ አይቼ ስለማላውቅ ሻንጣዬን ከሳምንት በፊት አዘጋጅቼ ጨረስኩ። ከአውሮፕላኑ ደረጃ ስወርድ ሙቀቱ ፊቴ ላይ ተለጠፈ፤ ዞሬ ልመለስ ሁሉ አሰብኩ። ከዚያ በስተግራ በኩል ሰማያዊውን አየሁት። ሰማይ መስሎኝ ነበር። የተቀበለኝ ሾፌር "ባሕር ነው እሱ" ሲለኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሰውዬው ፀሐይ መትቶኝ መስሎት ውኃ አመጣልኝ።

የተመደብኩበት ቢሮ ሥራው የባሕሩን ከፍታ መለካት ነበር። ሞሎ በምንለው የመርከብ ማሰሪያ ድልድይ ጫፍ ላይ፣ በሴንቲ ሜትር የተከፋፈለ ረጅም እንጨት ውኃው ውስጥ ተተክሏል። በየሰዓቱ፣ ሌትም ቀንም፣ አንድ ተረኛ ሄዶ ውኃው የደረሰበትን ቁጥር አንብቦ ደብተር ላይ ያሰፍራል። እኔ በሄድኩበት ጊዜ ይህ ሥራ ከተጀመረ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት ነበር። ወደ ሰማንያ ሺህ የሚጠጋ ቁጥር፣ ሁሉም በእጅ የተጻፈ፣ መደርደሪያ ላይ ተሰልፎ ተቀምጧል።

የተረኞቹ አለቃ የአሰብ ተወላጅ የሆኑ አፋር ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ጊዜ መካ ደርሰው ስለመጡ አገሩ በሙሉ "ሐጂ" ነው የሚላቸው። እኔን በመጀመሪያው ቀን "አህለን ቢንቲ" ብለው ተቀበሉኝ፤ ቢንቲ በዓረብኛ ሴት ልጄ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። አማርኛቸው የጠራ ነው። ሲናደዱ ብቻ ወደ አፋርኛ ይሻገራሉ።

ሌላው የሥራ ባልደረባዬ ሃንጋሪ ተምሮ የተመለሰ ወጣት መሐንዲስ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ መነጽሩ በላብ ከአፍንጫው ላይ የሚንሸራተት። ከውጭ ሲመጣ ሌሎች ቴፕ ሪከርደርና ቆዳ ጃኬት ሲያመጡ እሱ ያመጣው በመሐረብ የተጠቀለለ አንድ ዲስኬት ነው። ዲስኬቱ ውስጥ ሊስፕ የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ አለ። ስለ ቋንቋው ሲያወራ ስለ እጮኛው የሚያወራ ነው የሚመስለው።

ቢሮአችን አንድ ኮምፒዩተር ነበረው። ኮምፒዩተሩ ሙቀት ስለማይችል ያለበት ክፍል ኤርኮንዲሽን ተገጥሞለታል። ሌላው ሰው ሁሉ በቬንቲሌተር ነው የሚሠራው። ስለዚህ የቢሮው ሠራተኛ በሙሉ በሆነ ምክንያት ወደ እኛ ክፍል ጉዳይ ነበረው። እስክሪብቶ የሚዋስ ይመጣል፤ የተዋሰውን የሚመልስ ይመጣል፤ ማንም ያልተዋሰውን የሚመልስም ይመጣል። የሒሳብ ክፍሏ ሴትዮ አንድ ቀን ገብታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። "ምን ፈልገሽ ነው?" ብላት "እስኪ ላስታውሰው" አለችና ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስታስታውስ ቆየች።

አለቃችን ጠርቶን ሥራውን የነገረን በዚያ ሰሞን ነው። አዲስ ሞሎ ለመሥራት ታስቧል፤ ከሁለት ወር በኋላ ከአዲስ አበባ አንድ ባለሙያ ይመጣል፤ የዘጠኙ ዓመት ቁጥር ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቶ የጠየቀውን ሁሉ መመለስ አለበት። ከጽሕፈት ክፍል ሁለት ታይፒስቶች ሰጠን። ሐጂ ደብተሮቹን አንድ በአንድ እያወረዱ ያነባሉ፣ እነሱ ይመታሉ። አንድ ወር ገደማ ፈጀ። ቁጥሩ ዲስክ ላይ ገባ።

ከዚያ በኋላ ነው ጠቡ የመጣው።

እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ፎርትራን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ነው። በእኔ ትምህርት ቁጥር ማለት ሣጥን ውስጥ የምታስቀምጠው ነገር ነው፤ ከተሳሳተ አውጥተህ ሌላ ትከታለህ። ይህን ለመሐንዲሱ ስነግረው የሰው ኪስ ስገባ የያዘኝ ያህል ደነገጠ።

"አንዴ የተሠራ ነገር አይለወጥም" አለኝ። "አዲስ ይሠራል እንጂ አሮጌው አይነካም። ሒሳብ ተምረሽ የለም እንዴ? በሒሳብ ሦስት ነገ ጠዋት ተነሥቶ አራት ይሆናል?"

"አይሆንም።"

"ታዲያ ኮምፒዩተር ላይ ለምን ይሆናል?"

እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ደስ ብሎኛል፤ ግን ቶሎ እጅ መስጠት አልወድም። ለማንኛውም መጀመሪያ በእሱ መንገድ ሄድን። ቁጥሮቹን በሰንሰለት አስቀመጥናቸው። እያንዳንዱ ቀለበት አንድ የባሕር ንባብና የተነበበበትን ሰዓት ይይዛል፤ ቀጥሎም "የሚቀጥለው እዚያ ነው" ብሎ ይጠቁማል። አዲስ ንባብ ሲመጣ ከፊት ትቀጥላለህ፤ ከኋላ ያለውን ምንም አትነካም። ውብ ነው። ችግሩ የሩቅ ንባብ ስትፈልግ ነው፤ ከፊት ተነሥተህ ቀለበት በቀለበት እየቆጠርክ እዚያ ድረስ መሄድ አለብህ። ደግሞ እያንዳንዱ ቀለበት ቦታ ስለሚፈጅ ዘጠኙ ዓመት አልገባም፤ ሦስት ዓመት ብቻ ነው የቻለው።

የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔ ጠየቅሁት። ከሦስቱ ዓመት የመጀመሪያዋን ቀን ንባብ። ምንም የለም። ወጣሁ፣ ሻይ ጠጣሁ፣ ከሻይ ቤቷ ባለቤት ጋር ስለ ልጇ ጥርስ አወራሁ፣ ተመለስኩ። መሐንዲሱ እጁን አጣምሮ ተቀምጧል።

"እየሄደ ነው" አለ በኩራት።

"በእግሩ ነው?"

ተራው የእኔ ሆነ። ሰንሰለቱን ትቼ ሁሉንም ቁጥር ጎን ለጎን በአንድ ረጅም ረድፍ ደረደርኩት። ይህን ድርድር እንለዋለን። በድርድር ላይ አርባ ሺሕኛውን ቁጥር ከፈለግህ ቀጥ ብለህ አርባ ሺሕኛው ቦታ ላይ ትገኛለህ፤ በመንገድ ላይ ማንንም አትጠይቅም። የሰዓቱንም ስም መጻፍ አያስፈልግም፤ ቦታው ራሱ ይናገራል። ዘጠኙም ዓመት ገባ። ቁልፉን ስጫን መልሱ ጣቴ ሳይነሣ ወጣ። ወንበሩ ላይ ዞርኩበት። ወንበሩ የሚዞር ነበር፤ ሦስት ጊዜ ዞርኩበት።

ቀጥሎ አንድ የተሳሳተ ቁጥር ለማረም ሞከርን። መሐንዲሱ አሮጌው አይነካም ብሏልና አንዷን ቁጥር ለማረም ሰማንያ ሺሁንም ገልብጠን አዲስ ድርድር መሥራት አለብን። አንዱ እርማት አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። ሦስተኛው ላይ ማሽኑ ቦታ አለቀብኝ ብሎ ቆመ።

"እላዩ ላይ ጻፍበትና እንገላገል!" አልኩት።

"አይሆንም! ባለሙያው መጥቶ መጀመሪያ የተጻፈው ስንት ነበር ቢለን ምን ልንለው ነው?"

"ደብተሩን እናሳየዋለን!"

"ታዲያ ኮምፒዩተሩ ምን ሠራ? ምንም አይለወጥም ብያለሁ! ምንም!"

"ድርድር ነው የሚሻለው! መቶ ጊዜ ነገርኩህ፣ ድርድር ይሻላል!"

እንዲህ እየተባባልን ሦስት ቀን ጮኽን። ግድግዳው ስስ መሆኑን ማናችንም አላሰብንም። በአራተኛው ቀን የቢሮው የፖለቲካ ኃላፊ ሁለታችንንም አስጠራን።

ወፍራም፣ ዝግ ያለ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት ተዘርግቷል። "ተቀመጡ ጓዶች" አለን። ተቀመጥን። ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየው።

"ከኮምፒዩተሩ ክፍል የተሰማ ነገር አለ" አለ። "ከመካከላችሁ አንዱ 'ምንም አይለወጥም' እያለ ይጮኻል። አንዷ ደግሞ 'ድርድር ይሻላል' ትላለች።" ቀና አለ። "ድርድሩ ከማን ጋር ነው?"

ያን ዘመን ያላየ ሰው ላይገባው ይችላል። አብዮት ሁሉን ለወጠ በሚባልበት፣ ሰሜኑ በጦርነት ላይ ባለበት አገር፣ ምንም አይለወጥም ብሎ መጮህና ድርድር ይሻላል ብሎ መመለስ የቢሮ ጨዋታ አይደለም። እኔ ግን ነገሩ ሲገባኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ፍርሃት ሳይሆን ሳቅ ነው። ከንፈሬን ነከስኩ። አልሆነም። በአፍንጫዬ ወጣ። መሐንዲሱ እግሬን ረገጠኝ፤ ባሰብኝ።

"ከቁጥር ጋር ነው ጓድ" አልኩ እንባዬን እየጠረግሁ። "ቁጥሮች በረድፍ ተደርድረው ሲቀመጡ ድርድር ይባላል።"

"የማይለወጠውስ?"

"የባሕሩ ንባብ ነው ጓድ" አለ መሐንዲሱ። "አንዴ ከተጻፈ አይለወጥም። እርማት ሲመጣ አዲስ እንሠራለን፤ አሮጌውን አንነካም።"

"አሮጌውን አትነኩም" አለና ጻፈው። ነገሩ እንደተበላሸ ከእስክሪብቶው አካሄድ ገባኝ።

"ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እመጣለሁ" አለ። "ይህን ማሽን በዓይኔ አየዋለሁ።"

ወጣን። ኮሪደሩ ላይ መሐንዲሱ ፊቱ አመድ መስሏል። "ምንድን ነው የምናሳየው?" አለ። "የሚሄድ ሰንሰለት ወይስ የሚቆም ድርድር?"

ክፍላችን ስንደርስ ሐጂ ቆመው ሲጠብቁን አገኘናቸው። እጃቸው ላይ አንድ ደብተር ይዘዋል። ከተረኞቹ አንዱ ውኃ አስነክቶት የአንዷ ቀን ገጽ ቀለሙ ፈሷል። እሳቸው ገና ሳይደርቅ ቁጥሮቹን አንብበው በንጹሕ ወረቀት ገልብጠው፣ በቦታዋ ሰፍተው አምጥተዋል።

"አሮጌዋን አልጣልኳትም" አሉ። "ኋላ የሚጠይቅ ቢመጣ ይኸው፣ ከአዲሷ ኋላ አለች።"

መሐንዲሱ ደብተሩን ተቀበለና ገጹን ማገላበጥ ጀመረ። "ሐጂ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ሌላውን ገጽስ ምን አደረጉት?"

"ሌላው ገጽ ምን ሆነ? ሌላው ደህና ነው። ለአንድ ገጽ ብዬ የዘጠኝ ዓመት ደብተር ልገለብጥ ነው እንዴ?"

እኔና እሱ ተያየን። ከዚያ ወደ መደርደሪያው ዞርን። አንድ መደርደሪያ አንድ ዓመት ነው። በእያንዳንዱ መደርደሪያ ላይ አሥራ ሁለት ደብተር አለ፤ አንዱ ደብተር አንድ ወር። አንዱ ገጽ አንድ ቀን። በገጹ ላይ ሃያ አራት መስመር። ወር ሙሉ ከዚያ መደርደሪያ ደብተር ስናወርድና ስንሰቅል ኖረናል።

መሐንዲሱ የሐጂን ራስ ያዘና ግንባራቸውን ሳማቸው። መነጽሩ ወደቀ። "ምን ነካው?" አሉኝ ሐጂ። እኔም በሌላው በኩል ሳምኳቸው።

ነገሩን በዚያው በወረቀት ላይ ነደፍነው። ከላይ ዘጠኝ ቦታ ያላት አጭር ድርድር ትቀመጣለች፤ እያንዳንዷ ቦታ ወደ አንድ ዓመት ትጠቁማለች። ዓመቱ አሥራ ሁለት ቦታ አለው፣ ወደ ወራት። ወሩ ወደ ቀናቱ። ቀኑ ሃያ አራት ሰዓት። አንድ ቁጥር ስናርም የምንገለብጠው ያቺን ቀን፣ የነበረችበትን ወር፣ የነበረችበትን ዓመትና የላይኛዋን ብቻ ነው። ቢበዛ ሰባ ስድስት ቦታ። የቀረው ሰማንያ ሺህ ባለበት ይቆያል፤ አዲሱም አሮጌውም አብረው ይጠቀሙበታል። አሮጌዋ የላይኛ ድርድር ስላልተነካች በእሷ በኩል የገባ ሰው የድሮውን ያገኛል፤ በአዲሷ የገባ የታረመውን።

"ይህ ዛፍ ይባላል ሐጂ" አላቸው መሐንዲሱ።

ሐጂ በመስኮት ወደ ውጭ አዩ። ውጭው አሸዋ፣ ክሬንና ባሕር ነው። "የትኛው?"

ወረቀቱን አሳየናቸው። "ሥሩ ከላይ ነው፣ ቅጠሉ ከታች።"

"ተገልብጦ ነው እንጂ የበቀለው!" ብለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "አሰብ ውስጥ ከዚህ ሌላ ዛፍ አይበቅልም።"

ከሰዓት በኋላ አሰብ ይተኛል። ከስድስት ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ ውሻ እንኳ አይታይም። እኛ በዚያ ቀን ሳንተኛ ቀረን። እሱ ይጽፋል፣ እኔ አነብለታለሁ፤ ሲደክመው እኔ እጽፋለሁ። ዛፉ ቅጠሉ ላይ ትናንሽ ድርድር ስላለው "አሸነፍኩ" አልኩት። እሱ ደግሞ "ምንም ስላልተለወጠ ያሸነፍኩት እኔ ነኝ" አለ። ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ሠራ። አንድ መቶ እርማት አስገባንበት፤ ማሽኑ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ የመጀመሪያውን፣ ያልታረመውን ጠየቅነው። ወጣ። ኮሪደሩ ላይ እየሮጥን ወጥተን ማንም ስላልነበረ እየሮጥን ተመለስን።

በማግስቱ ልክ ሁለት ሰዓት ላይ የፖለቲካ ኃላፊው ከሁለት ሰዎች ጋር መጣ። ክፍሉ ውስጥ እንደገባ የኤርኮንዲሽኑ አየር አገኘውና ዓይኑን ለአፍታ ከደነ። ከዚያ ፊቱን መልሶ አኮሳተረ።

"ምን ልጠይቀው?"

"ቀንና ሰዓት ይስጡን፣ ጓድ" አልኩት። "ባለፉት ዘጠኝ ዓመታት ውስጥ የትኛውንም።"

አሰበ። አብረውት የመጡትን አየት አደረጋቸው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ልጄ የተወለደችበት ይሆናል?" አለ።

ቀኑን ነገረን፤ ግንቦት ወር፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት። ደብተሮቹ በመርከቦቹ ምክንያት የተጻፉት በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ የእኛን ቀን ወደዚያ የምትቀይር ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። ቀኑን አስገባሁ። ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ሰዓት፤ አራት እርምጃ ብቻ። ቁጥሩ ወጣ።

"አንድ ሜትር ከአሥራ አራት" አልኩት። "በዚያች ሰዓት ባሕሩ እዚህ ነበር።"

ኃላፊው ቁጥሩን ጎንበስ ብሎ አየው። "የጻፈው ማነው?"

"እኔ ነኝ" አሉ ሐጂ ከበሩ በኩል። "የዚያን ቀን ጠዋት ተረኛ እኔ ነበርኩ።"

"እኔ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ ነበር" አለ ኃላፊው። "የባሕሩ ድምፅ ይሰማኝ ነበር።" ከዚያ ዘወር ብሎ፣ "የወንዱስ ይገኛል?" አለ።

የወንዱም ተገኘ። ሁለቱን ቁጥር በወረቀት አትሜ ሰጠሁት፤ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ስለ ድርድር ዳግመኛ ማንም አላነሣብንም።

ሌላው ነገር ግን ተነሣ። በማግስቱ የሒሳብ ክፍሏ ሴትዮ መጣች፤ በዚህ ጊዜ የፈለገችውን ታውቃለች። ሦስት ልጆች አሏት። ከሰዓት በኋላ የነዳጅ ማጣሪያው ኦፕሬተሮች ከነሥራ ልብሳቸው መጡ። አስተማሪዎች መጡ። ሁለት ነርሶች የብዙ ሰው ልጅ የተወለደበትን ቀን በወረቀት ሞልተው አመጡ። አንድ የወደብ ሠራተኛ ቀን ጠየቀን፤ ልጁ የተወለደው አዲስ አበባ መሆኑ ሲገባኝ፣ "ታዲያ ባሕሩ ምን አገባው?" አልኩት።

"ግድ የለም" አለኝ። "እኔ እዚህ ነበርኩ። ባሕሩም እዚህ ነበር አይደል?"

ሰጠሁት።

ከራሔይታ መንደር በጭነት መኪና የመጡ አንድ አሣ አጥማጅ ቀኑን አያውቁትም። በአፋርኛ ለሐጂ ነገሯቸው። ልጃቸው የተወለደው ንፋሱ ሦስት ጀልባ የገለበጠ ዕለት ነው። ሐጂ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና ወደ መደርደሪያው ሄደው ቀጥ ብለው አንድ ደብተር ሳቡ። በገጹ ጠርዝ ላይ በዓረብኛ ፊደል ስለ ንፋሱ ጽፈዋል። ሰውየው ወረቀታቸውን ተቀብለው ገለባበጡት፤ ማንበብ አይችሉም፤ ሐጂ በአፋርኛ ነገሯቸው። ቁጥሩን ደጋግመው ለራሳቸው እያሉ ወጡ።

ባለሙያው ሊመጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የየቀኑንና የየወሩን አማካይ አወጣን። መሐንዲሱ ዛፉን ከቅጠል ጀምሮ ወደ ላይ የሚሰበስብ ፕሮግራም ጻፈ፤ አራት መስመር አይሞላም። ሰዓቱ ወደ ቀን ይታጠፋል፣ ቀኑ ወደ ወር። የየቀኑን፣ በከፍታው ልክ በተቀመጠ አንድ የኮከብ ምልክት አሳተምነው። ወረቀቱ እየተቀጠለ የሚወጣ ስለሆነ ከማተሚያው ወጥቶ፣ ከክፍሉ ወጥቶ፣ ኮሪደሩ ላይ ተዘረጋ። ጫማችንን አውልቀን አጠገቡ ተራመድን። ባሕሩ በሙቀቱ ወራት ይወርዳል፣ በቀዝቃዛው ይወጣል፤ ይወርዳል፣ ይወጣል። ሲተነፍስ ዓመት የሚፈጅበት ፍጥረት አጠገብ ስንኖር ኖረናል። እኔ ከመጀመሪያው ዓመት እስከ ዘጠነኛው ሮጥኩ፤ መልሼም ሮጥኩ።

ሐጂ ግን አምስተኛው ዓመት ላይ ቆመዋል። ከዚያ ወዲህ ያሉት ኮከቦች ሁሉ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ከፍ ብለዋል። ተንበርክከው በጣታቸው ነኩት።

"ጀልባዋ!" አሉ። "ወላሂ ጀልባዋ ናት!"

ነገሩ እንዲህ ነው። በአምስተኛው ዓመት አንድ ጀልባ ገጭቶ የመለኪያውን እንጨት ነቀለው። መልሰው ሞሎው ላይ በምስማር ሲመቱት ትንሽ ዝቅ ብሎ ተመታ፤ ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ውኃው ከእውነቱ ከፍ ብሎ ይነበብ ጀመር። ሐጂ ያኔ ለነበረው አለቃ ነግረውታል። "አንድ መዳፍ ምን ያመጣል?" ብሎ መለሳቸው። ደብተር ጠርዝ ላይ ጻፉትና ተዉት። አሁን ወረቀቱ ላይ ሲያዩት በአፋርኛም በዓረብኛም በአማርኛም ተናገሩ። ቀጥሎ ልጅ ሆነው የሚያውቁትን አንድ ጭፈራ ኮሪደሩ ላይ ጨፈሩት። እኛም አጨበጨብንላቸው። አለቃችን በሩን ከፍቶ አየንና መልሶ ዘጋው።

ከዚያች ዕለት በኋላ ያሉትን ንባቦች ሁሉ፣ አማካዩ ከፍ ባለበት ልክ፣ ስምንት ሴንቲ ሜትር ቀንሰን ሁለተኛ ዛፍ አወጣን። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት አልተነኩም፤ ሁለቱም ዛፎች ይጋሯቸዋል። ቦታም ተረፈን።

ባለሙያው በማክሰኞው አውሮፕላን መጣ፤ ከረባት አስሮ። ክፍላችን ሲደርስ ከረባቱ ኪሱ ውስጥ ገብቷል። ስለ እርማቱ ነገርነው። ፊቱ ተቀየረ።

"ይኸው ነው እኔ የምፈራው" አለ። "አረምን ብላችሁ ዋናውን አጠፋችሁት። እኔ የምፈልገው ያልተነካውን ነው።"

መሐንዲሱ ይህን ዓረፍተ ነገር ምናልባት ከሃንጋሪ ጀምሮ ሲጠብቀው ነበር። አንድ ቃል ጻፈ። ያልተነካው ወጣ። ባለሙያው ራሱ ከመደርደሪያው አንድ ደብተር መዘዘ፣ አንድ ገጽ ከፈተ፣ አመሳከረ። ሌላ መዘዘ። በሰባተኛው ደብተር ላይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የታረመውንም ጎን ለጎን አሳየነው። "በምንድን ነው ያስቀመጣችሁት?" ብሎ ጠየቀና እስከ ምሳ ሰዓት አልተነሣም። በኋላም ሐጂ እጁን ይዘው ሞሎው ጫፍ ድረስ ወሰዱት፤ የድሮው ምስማር የነበረበትን ቀዳዳ አሳዩት። ሲመለስ ጫማው ረጥቧል፤ "ስምንት ነው፤ ልክ ነው" እያለ ነበር።

ከሄደ አንድ ወር ያህል ቆይቶ የስልክ ቀጠሮ ወረቀት ደረሰን። ከአዲስ አበባ ይደወላል ተብሎ እኔና መሐንዲሱ ቴሌ ሄድን። ባለሙያው ነበር። የወንዞች ልኬት እጁ ላይ ቀርቷል፤ የሃያ ምናምን ዓመት ቁጥር ነው፤ የእኛን አሠራር ይፈልጋል፤ ጽፈን የላክንለት ግን አልገባውም። መስመሩ ይንሿሿል። መሐንዲሱ ይጮኻል።

"ዛፍ ነው! ዛፍ! የተገለበጠ!"

"ምኑ ነው የተገለበጠው?" ይላል ባለሙያው። "መኪና?"

ስልክ ሊደውል የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ያዳምጣል። መሣሪያውን ተቀበልኩት። ወንዙ ከላይ፣ ከሥሩ ዓመቱ፣ ከሥሩ ወሩ፣ ከሥሩ ቀኑ፤ አንድ ቀን ስታርም ያቺን ቀንና ከእሷ በላይ ያሉትን ብቻ ገልብጥ፤ ሌላውን አትንካ። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩለት። "ታዲያ አሮጌው የት ይሄዳል?" ይለኛል። በመሃል የመስመሯ ሠራተኛ ገባች።

"አሰብ፣ ሦስት ደቂቃ አልቋል።"

"እባክሽ እህቴ፣ ትንሽ ጨምሪልን" አልኳት። "አልገባውም።"

እሷ ግን ወደ እሱ ዞራ፣ ጥርት ባለ የቴሌ ድምፅ፣ "አዲስ አበባ፣ ይሰማሉ?" አለችው። "አሮጌው የትም አይሄድም፤ ባለበት ነው። የድሮውን በር ካንኳኩ የድሮውን ያገኛሉ፣ አዲሱን በር ካንኳኩ አዲሱን። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ገብቶኛል። ይቀጥሉ።"

ከሌላኛው ጫፍ "አሃ!" የሚል ተሰማ፤ መሣሪያውን ከጆሮዬ አርቄ ይዤው ሳለ እንኳ የተሰለፈው ሰው በሙሉ ሰማው፤ ከኋላ አንድ ወታደር ማጨብጨብ ጀመረ።